ለደም ካንሰር የተፈቀደው ለጡት ካንሰር አልተፈቀደም

የጡት ካንሰር ሕዋስ ራሱን እንዲያጠፋ ስለሚያደርጉ ጥቃቅን ሞለኪውሎች የጻፋችሁትን፣ ደሴ ፒያሳ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ሆኜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል። ቢሲኤል-2 የተባለው ፕሮቲን ሕዋሱን ወደ ሞት የሚመሩትን ፕሮቲኖች ጨምድዶ ይይዛል፤ ቬኔቶክላክስ የተባለው መድኃኒት ደግሞ የሚያዙበትን ጎድጓዳ ቦታ ቀድሞ ይሞላና ያስለቅቃቸዋል። ግን አሜሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የተፈቀደው ለደም ካንሰር ነው፤ ለጡት አይደለም። ምነው ይህን አጉልታችሁ በጻፋችሁት!

ትናንት አንዲት እናት ከኮምቦልቻ መጥተው፣ በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የታሞክሲፈን (የጡት ካንሰር መድኃኒት) ማሸጊያ ፈትተው እያሳዩኝ «ልጄ፣ አዲሱ ከመጣ ይህን ልተወው?» አሉኝ። እማማ፣ ሐኪምዎ ሳያዝዙ በፍጹም እንዳይተዉት አልኳቸው። ታሞክሲፈንም እኮ ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን መቀበያ ይዞ ዕጢው እንዳያድግ ያግዳል።