መላእክቱን የሚልጣቸው የእሑዱ ማሞቂያ ነው

በደቡብ ጀርመን፣ ባቫርያ፣ በባሮክ (በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው በጌጥ የተሞላ አሠራር) በታነጸ ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ላይ የቆመ የእንጨት መልአክ ፊቱ መላጥ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው የወርቅና የቀለም ዋጋ ነው። ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ምስሉ ታድሶ ይመረቃል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያው ቦታ ተመልሶ ይላጣል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእንጨቱ እርጅና አይደለም። ቅዳሜ ማታ ተለኩሶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚጠፋው የሞቀ አየር ማሞቂያ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ከወርቁ በፊት ለአየሩ ይዋል ባይ ነኝ።

ምስሎቹ በብዛት ከሊንደን ዛፍ የተቀረጹ ናቸው። ለስላሳ እንጨት ነው፤ መሮው ወደፈለገበት ይሄድለታል። የባቫርያው ቀራጭ ኢግናዝ ጉንተር (1725–1775 እ.ኤ.አ.) ሮት አም ኢን በሚባለው ስፍራ ላለው የገዳም ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳኑን የቀረጸው ሕንፃው በአርክቴክቱ በዮሐን ሚካኤል ፊሸር ንድፍ እንደ አዲስ በተሠራበት ጊዜ፣ ከ1759 እስከ 1763 ባለው ዘመን ነው። የዚያን ዘመን ትልልቅ የመሠዊያ ምስሎች ከፊት ሲያዩዋቸው ልብሳቸው በነፋስ የሚውለበለብ ይመስላል። ዞር ብሎ ጀርባቸውን ላየ ግን ብዙዎቹ እንደ ገንዳ የተቦረቦሩ ናቸው። ይህ ለማቅለል ብቻ የተደረገ አይደለም። ግንድ ሲደርቅ ዙሪያውን የሚሸማቀቀው ወደ መሐል ከሚሸማቀቀው ይበልጣል፤ እምብርቱ ካልወጣ እስከ ውስጥ ድረስ ይሰነጠቃል። ክንፍና የተዘረጋ እጅ ደግሞ ለብቻ ተቀርጾ በእንጨት ችንካርና በሙጫ ይጋጠማል፤ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚከፈተውም ያ መጋጠሚያ ነው።

ከእንጨቱ በላይ ያለው ሥራ የሌላ ባለሙያ ነበር። ከቆዳ በተቀቀለ ሙጫ የተበጠበጠ ኖራ መሰል ነጭ ዱቄት በስሱ ስድስት ሰባት ጊዜ ይቀባል፤ በባቫርያ ጠመኔ፣ በጣልያን ጀሶ። እኛ ለቤት ጣሪያ የምናውቀው ጀሶ ስሙን ያገኘው ከዚሁ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ የሀገራችን ጥንታዊ የገበታ ሥዕሎችም ብዙ ጊዜ ከሥራቸው ይኸው ንጣፍ አላቸው። ነጩ ከደረቀና ከለሰለሰ በኋላ ቦሉስ የሚባል ቀይ ሸክላ አፈር ይቀባል፣ በውኃ ይረጥባል፣ የወርቅ ቅጠሉ ይነጠፍበታል፤ ከዚያ በአጌት ድንጋይ እስኪያብረቀርቅ ይታሻል። ወርቁ ከአንድ ማይክሮን አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ከፀጉር በመቶዎች እጥፍ ይሳሳል።

አሁን ወደ ማሞቂያው። ቤተ ክርስቲያኑ በብርዱ ወራት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት (በዚያ ሙቀት ሊይዘው ከሚችለው ውኃ የያዘው ድርሻ) 75 በመቶ ነው እንበል። አየሩን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ወደ 18 ዲግሪ ብታደርሱትና ውኃ ባትጨምሩበት፣ እርጥበቱ ወደ 32 በመቶ ይወርዳል። ይህ የበረሃ አየር ነው። የእንጨቱ የውኃ መጠን በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር እንጨቱ በስፋቱ ከ0.2 እስከ 0.3 በመቶ ያህል ይሸማቀቃል፤ 30 ሳንቲሜትር ስፋት ላለው ምስል ከግማሽ እስከ 1 ሚሊሜትር ገደማ ማለት ነው። የእንጨቱ ላይኛ ገጽ ሲደርቅ ውስጡ ገና እንደረጠበ ነው፤ ስለዚህ ገጹ ይወጠራል። ሙጫና ጠመኔው ደግሞ እንደ እንጨቱ አይሸማቀቅም፤ መሄጃ ሲያጣ እንደ ድንኳን ተነሥቶ ይቆማል፣ በነካው ይረግፋል። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ደግሞ ቀድሞ የሚመታው ከመሠዊያው ጫፍ ያለው መልአክ ነው፤ ከታች የተቀመጠው ምእመን ግን ገና እግሩ ይበርደዋል!

የተነሣ ቀለም ይድናል። ከስተርጅን ዓሣ ፊኛ የተዘጋጀ ስስ ሙጫ በጥቂቱ ከሥሩ ይገባለታል፣ በስስ የጃፓን ወረቀት ላይ በቀስታ ይጫናል። የማይድነው በደግ ልብ የተበላሸው ነው። በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ዋናው ነው፤ ወርቁ በውኃ የተጣበቀ ስለሆነ በውኃ ይለቃል፣ በአንድ ጽዳት ቀዩ አፈር ብቅ ይላል። አቧራው በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ተነሥቶ፣ ከገጹ ሳይነካ በአቧራ መሳቢያ ይሳብ። በወርቅ ፋንታ የነሐስ ዱቄት ቀለም መቀባትም እንዲሁ ነው፤ ከጊዜ በኋላ ይጠቁራል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሲነሣም ዋናውን ይዞ ይነሣል።

ነቀዙስ? ቀዳዳው ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው፤ ቀዳዳ ማየት ግን ነቀዙ በሕይወት አለ ማለት አይደለም። ጥቁር ወረቀት ከሥሩ አንጥፉና ከሳምንታት በኋላ ተመልከቱ። ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ካለ እየበላ ነው። መፍትሔው ኬሚካል መርጨት ሳይሆን ምስሉን አየር በማያስገባ ላስቲክ ጠቅልሎ፣ በናይትሮጅን ኦክስጅኑን ከ1 በመቶ በታች አውርዶ ለሳምንታት ማቆየት ነው። ነቀዝ እርጥበት ይወዳልና፣ አየሩን እጅግ ማርጠብም አያዋጣም፤ ከ45 እስከ 60 በመቶ ያለው ክልል ሁለቱንም ያስታርቃል።

ሽማግሌዎች ይበርዳቸዋል የሚለው ክርክር እውነት ነው። ግን የሚሞቀው ሰው እንጂ ሕንፃው መሆን የለበትም፤ በመቀመጫው ሥር የሚገጠም ማሞቂያ ለዚህ ይበቃል። የግድ አየሩ ይሙቅ ከተባለም በሰዓት ከ1 ወይም ከ1.5 ዲግሪ አይለፍ፣ ሲቀዘቅዝም እንዲሁ።

ይህ እኛንም ይነካናል። በጀርመን ብዙ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ማኅበረ ምእመናን የካቶሊክ ወይም የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ተውሰው ይቀድሳሉ፤ ቅዳሴያችን ረጅም ነው፣ ማሞቂያውም አብሮ ይረዝማል። ቁልፉን ሲረከቡ ማሞቂያው በምን ፍጥነት እንደተስተካከለ መጠየቅ፣ ጧፍና ጥና ከምስሎቹ ራቅ ማድረግ ወጪ የለውም። የእርጥበት መለኪያውም ከበሩ አጠገብ አይሰቀል፤ ምስሎቹ ባሉበት ከፍታ ይሁን፣ ከማሞቂያው መክፈቻ ራቅ ብሎ።