ከልምምድ ግጭት በኋላ

በልምምድ የተጋጨ አሽከርካሪ በመጀመሪያው ቀን ይመራል ብሎ የገመተው ጽሑፍ፣ በአስፋልት ራሊ (በመንገድ ላይ የሚደረግ የመኪና ፍጥነት ውድድር) ዋዜማ የሚደርስን ግጭት መኪና በመጠገን የሚያልቅ ጉዳይ ማድረጉ አሳዝኖኛል። የአየርላንዱ የራሊ አሽከርካሪ ክሬግ ብሪን ሕይወቱ ያለፈው እኮ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2023 ከክሮኤሺያ ራሊ በፊት በልምምድ ላይ ሳለ ነው!

የአሸናፊነት ግምቱም የመነሻ ተራን፣ ማለትም መኪኖቹ አንድ በአንድ የሚነሱበትን ቅደም ተከተል፣ ዘንግቷል። ከፊት የሚሄዱት ኩርባውን በውስጥ በኩል ሲቆርጡ ጭቃና ጠጠር አስፋልቱ ላይ ይጎትታሉ፤ ኋላ የሚመጣው ፍሬን የሚይዘው በዚያ ላይ ነው። ይህን ለጅማ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ክረምት ላይ በአጋሮ መንገድ፣ አንድ አይሱዙ ከጥርጊያ መንገድ ወጥቶ ቀዩን ጭቃ አስፋልቱ ላይ ጥሎ ሄደ፤ ሞተር ብስክሌቴ ከሥሬ ሲንሸራተት በእግሬ መሬቱን ረግጬ ተረፍኩ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት እዚያ ኩርባ ስደርስ እጄ ሳላዝዘው ፍሬን ይይዝ ነበር። በሰከንድ ክፍልፋይ ለሚለያዩ አሽከርካሪዎች ይህ ማመንታት ብዙ ነው። በልምምድ የተጋጨ ሰው በመጀመሪያው ቀን ይመራል ብዬ አልገምትም።