የፈረመው ማን ነው?

ባለፈው ሰሞን፣ ዋሽንግተን አካባቢ፣ የኤርፖርት ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ጋሽዬ ከምላቸው አንድ ሹፌር ጎን ተቀምጬ ነበር። ስልካቸው ዳሽቦርዱ ላይ ተሰክቷል። ከዩቲዩብ አንድ ሰው ይጮኻል፦ «አይስ ቤት ለቤት ገብቷል! ማንም እንዳይወጣ!» (አይስ የሚሉት የአሜሪካን የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት ነው።) የትኛው ከተማ? መቼ? ማን አየ? ምንም የለም። ጋሽዬ ወዲያው ባለቤታቸው ጋ ደወሉና «እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይቅርብሽ» አሏቸው። እትዬ የአሜሪካ ዜግነት ከወሰዱ ዐሥር ዓመት አልፏቸዋል።

ፍርሃታቸውን አቅልዬ አላየውም። አይስ ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አካባቢ ሰው ከመያዝ እንዲቆጠብ የሚያዘው መመሪያ ከ2011 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ሲሠራበት ቆይቶ በጃንዋሪ 2025 ተሽሯል። በዚያው ዓመት ጁላይ 4 ቀን የተፈረመው ሕግ ደግሞ ለማቆያ ቦታዎች ብቻ 45 ቢሊዮን ዶላር መድቧል። ምንም የሚያስፈራ ነገር የለም የሚል ሰው ይዋሻል። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ እውነቱ ራሱ ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ሕዝባችን በወሬ መታመሱ ነው።

እኔ መኪና ስነዳ የምሰማው ኬትሊን ዲከርሰን በፖድካስት ላይ ስትጠየቅ ነው። ዲከርሰን የአትላንቲክ መጽሔት ጋዜጠኛ ናት፤ በ2018 ድንበር ላይ ልጆች ከወላጆቻቸው የተነጠሉበትን ፖሊሲ መርምራ በ2023 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች። የምትከተለው የወረቀቱን ዱካ ነው፤ ሐሳቡን ማን አመጣው፣ ማን እምቢ አለ፣ በመጨረሻ ማን ፈረመ። ልጅ የመነጠሉ ሐሳብ በ2014፣ በኦባማ ዘመን፣ ቶም ሆማን ከተባሉ የአይስ ባለሥልጣን ቀርቦ ነበር። የያኔው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትር ጄ ጆንሰን አልተቀበሉትም። በ2018 ሚኒስትሯ ክርስትየን ኒልሰን ፈረሙበት። ከ5,000 በላይ ልጆች ተነጠሉ። ልጁን የወሰደው መሥሪያ ቤትና ልጁን የተረከበው መሥሪያ ቤት መዝገባቸው አልተገናኘም ነበርና፣ የማን ልጅ የት እንዳለ የሚያውቅ ጠፋ።

ይህን የሰማ ሰው ፖለቲካውን እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ማየት ይከብደዋል። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ፣ በ2002 በወጣ ሕግ፣ 22 መሥሪያ ቤቶችን አጣምሮ ሲቋቋም ሴኔቱ በ90 ድምፅ ነው ያጸደቀው። ሁለቱም ፓርቲዎች አሉበት። ኤርፖርት ላይ ጫማ ያስወለቀን፣ ግሪን ካርዳችንን የላከልን፣ ጎርፍ የደረሰበትን የሚረዳውና ንጋት ላይ በር የሚያንኳኳው ሁሉ በዚያ ጣሪያ ሥር ነው።

የተቀዳ ድምፅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው የተረዳሁት ግን ዲከርሰንን ከመስማቴ በፊት ነው። ጁን 18 ቀን 2018 ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ዜና ድርጅት ጋዜጠኛ ጂንጀር ቶምሰን ከአንድ የድንበር ጥበቃ ጣቢያ ውስጥ የተቀዳ፣ ስምንት ደቂቃ ያህል የሚረዝም ድምፅ ይፋ አደረገች። ሕፃናት «እማ»፣ «አባ» እያሉ ያለቅሳሉ። አንድ የጥበቃ ባልደረባ «ኦርኬስትራ አለን፣ የጎደለን መሪው ነው» ሲል ይሰማል። የስድስት ዓመት ልጅ፣ ከኤል ሳልቫዶር የመጣች፣ ወደ አክስቷ እንዲደውሉላት ትለምናለች፤ የአክስቷን ስልክ በቃሏ ይዛዋለች። ያን ስሰማ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ትራምፕ መነጠሉን የሚያስቆም ትእዛዝ ፈረሙ። ያ ድምፅ ሲቀርብ ጩኸት አላስፈለገውም፤ ቦታው፣ ጊዜውና የጋዜጠኛዋ ስም ነበረበት።

ወደ እኛ ልመለስ። በ2022 ለኢትዮጵያውያን የተሰጠው ቲፒኤስ (አገራቸው ችግር ላይ ላለ ሰዎች የሚሰጥ ጊዜያዊ ከለላ) በ2024 ሲራዘም፣ የሚያበቃው ዲሴምበር 12 ቀን 2025 እንደሆነ መንግሥት በግልጽ አትሞ አውጥቶት ነበር። የሥራ ፈቃዱንም የቤት ኪራዩንም በዚያ ቀን ላይ ያሰላ ሰው ስንት ነው! ያ ሰው የሚያስፈልገው «ቀለጠ» የሚል ርዕስ ሳይሆን ሰነዱን ከፍቶ የሚያነብለት ወገን ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ፦ በር ላይ የሚመጣው የመያዣ ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱን የፍርድ ቤት ዳኛ ይፈርመዋል፤ ሌላውን የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ሹም። የዳኛ ፊርማ የሌለው ወረቀት ያለ ነዋሪው ፈቃድ ቤት ለመግባት ይበቃል ወይ የሚለው ትልቅ የሕግ ክርክር ነው። የኢሚግሬሽን ዳኛ የምንለውም በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ያለ ሹመኛ ነው፤ ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች ዳኞች ጋር አይቆጠርም። ይህን ለጋሽዬ ስነግራቸው ዩቲዩቡን ዘጉና «ታዲያ ይሄን ለምን አይነግሩንም?» አሉኝ።

ማይክ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ ጥያቄው ለእናንተ ነው። ኢሚግሬሽን የሚያውቅ ጠበቃ ጋብዙ፤ የወረቀቱን ናሙና ጠረጴዛው ላይ ዘርጉና በአማርኛ፣ መስመር በመስመር፣ እስከ ፊርማው ቦታ ድረስ አንብቡት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ጋሽዬ ተራቸው እስኪደርስ ሰምተው ይጨርሱታል።