«ለጀማሪ ቀላል ነው» ላላችሁኝ ሁሉ

በቴሌስኮፕ የሰማይ ፎቶ ማንሳት ስጀምር በመጀመሪያ የሰማሁት ምክር «በሉላዊ የከዋክብት ክምችት ጀምር፤ ደማቅ ስለሆነ ለጀማሪ ቀላል ነው» የሚል ነበር። ደማቅ መሆኑ እውነት ነው፤ ቀላልነቱን ግን እስከ ዛሬ የሚያስረዳኝ አላገኘሁም።

በሄርኩለስ ኅብረ ከዋክብት የሚገኘው ኤም 13 ከእኛ ከ20 ሺህ የብርሃን ዓመት በላይ የራቀ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ከዋክብት እንደ ኳስ ተሰባስበው የታጨቁበት ሉላዊ ክምችት ነው። መከራዬም የሚጀምረው ከዚሁ መታጨቅ ነው። ካሜራውን ለ3 ደቂቃ ክፍት ባደርገው ዳር ዳር ያሉት ደብዛዛ ከዋክብት ቁልጭ ብለው ይወጣሉ፤ መካከሉ ግን ብርሃን በዝቶበት ተቃጥሎ አንድ ነጭ ጉብታ ይሆናል፤ አንዴ የተቃጠለውን ደግሞ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ወደ 20 ሰከንድ ዝቅ ሳደርገው መካከሉ ፍሬ በፍሬ ይለያል፤ ዳሩ ግን ድራሹ ይጠፋል። «ሁለቱንም አንስተህ አዋህዳቸው» ተባልኩና አዋሃድኳቸው፤ መካከሉ ከሌላ ፎቶ ተቆርጦ የተለጠፈ መሰለ።

እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሌይ በ1714 እ.ኤ.አ. ያገኘውን ይህንኑ ክምችት ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ቻርልስ መሲዬ በ1764 ሲመዘግበው ኮከብ የሌለበት ኔቡላ (ጭጋግ መሰል የሰማይ ደመና) ነው ብሎ ነበር፤ መሣሪያው ከዋክብቱን ለይቶ ማሳየት ስላልቻለ አይፈረድበትም። ከ250 ዓመታት በኋላ የእኔ ፎቶ ለመሲዬ ምስክር ሆኖ ቁጭ አለ።

በዚህ ላይ የምድር መዞር አለ። ሰማዩ በየሰከንዱ 15 ያህል የቅስት ሰከንድ (አንዱ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ስለሚንሸራተት፣ ቴሌስኮፑን የተሸከመው ባለ ሞተር ማቆሚያ ይህንን እየተከተለ መዞር አለበት፤ የማቆሚያው ዘንግ ከምድር ዘንግ ጋር በትክክል ካልተስተካከለ ከዋክብቱ እንደ ሩዝ ፍሬ ይረዝማሉ። ኔቡላ ቢሆን ጭጋጉ ስህተቴን በሸፈነልኝ ነበር፤ እዚህ ግን ከኮከብ በቀር ሌላ ነገር ስለሌለ እያንዳንዱ ነጥብ ያጋልጠኛል።

ባለፈው ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ጠብቄ፣ ዘንጉንም አስተካክዬ፣ ፎከሱንም እንደ መርፌ ጫፍ አድርጌ ጀመርኩ። ሌሊቱ እየቀዘቀዘ ሲሄድ የቴሌስኮፑ ቱቦ ተኮማትሮ ፎከሱ መንሸራተቱን ያወቅሁት ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዋክብቱ ሁሉ አብጠው ሳያቸው ነው። የሁለት ሰዓት ሥራ እንዲሁ ባከነ።

ስለዚህ «ቀላል ነው» የሚል ሰው ካለ፣ ያማረውን የመጨረሻ ፎቶውን ሳይሆን ከካሜራው እንደወጣ ምንም ያልተነካካውን አንዱን ፍሬም (ነጠላ ፎቶ) ያሳየኝ።