ጨው ከሆነስ ለምለም አለ

ስለ ሴል ሕክምና ያነበብኩት ጽሑፍ 12ቱ የሹስለር ጨዎች (ጀርመናዊው ሐኪም ሹስለር ለመድኃኒትነት ያቀረባቸው፣ እጅግ የቀጠኑ የማዕድን ጨዎች) «ሴልን ይመግባሉ» ይላል፤ የእንስሳ ሴል መርፌንም ያነሳል። «ዲ6» በሚባለው ክኒን ውስጥ ያለው ጨው ግን ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው። የቀረው የወተት ስኳር። እዚህ ባሕር ዳር ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ደግሞ ሞልቷል! አንድ ጭልፋ ሽሮ እንኳ ከዚያ የበለጠ ጨው አለው።

በጨው መዳን ካማራችሁ ለምለም፣ ማለትም ተቅማጥ ሲይዘን በውሃ በጥብጠን የምንጠጣው ዱቄት (ኦ.አር.ኤስ.)፣ አለላችሁ። አንዱ ከረጢት በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። 2.6 ግራም ጨው፣ 13.5 ግራም ግሉኮስ አለው። ግሉኮሱ አንጀት ላይ ሶዲየሙን ይዞ ይገባል፤ ውሃውም ይከተላል። ጣና ዳር አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ሲነሳ ጤና ኬላ የሚሰጡን ይህንኑ ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ኒሀንስ እ.ኤ.አ. በ1931 የጀመረው የእንስሳ ሴል መርፌ ግን ይቅርብን። ባዕድ ፕሮቲን ነው፤ አለርጂው ሊገድል ይችላል። የጽሑፉ ጸሐፊ ይህን አደጋ ለምን ዘለሉት?