ዳገት የለውም፣ ጥላም የለውም
በካሊፎርኒያ የአማርጎሳን ሸለቆ በአሮጌው የባቡር መስመር ላይ በእግር መጓዝ «ለማንም አይከብድም» የሚለው ጽሑፋችሁ ግማሹ እውነት ነው። በእርግጥ ዳገት የለውም፤ ባቡር ዳገት ስለማይችል መሐንዲሶቹ ገደሉን እየቆረጡ፣ ጎድጓዳውን እየሞሉ አስተካክለውታል። ችግሩ ጎርፍ ነው። ቶኖፓ ኤንድ ታይድዋተር የተባለውን ይህን መስመር ባቡር ይመላለስበት በነበረበት ዘመንም ጎርፍ ይጠርገው ነበር፤ ዛሬ ደግሞ የሚጠግነው የለም። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ድልዳል ድንገት ይቆረጥና በሚንሸራተት ጠጠር ላይ ወርዶ በወዲያኛው በኩል መውጣት ግድ ይሆናል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይህንን አስቀድሞ ይወቅ።

ታሪኩንም በአንድ መስመር ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። በቦራክስ ማዕድን የበለጸገው ፍራንሲስ ማሪዮን ስሚዝ የባቡር መስመሩን ሥራ ያስጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1905 ነው። የሸለቆው ሙቀት ሠራተኛውን እያባረረ ግንባታውን አጓተተው። ባቡሩ በ1940 ቆመ፤ ሐዲዱም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ብረቱ ተፈልጎ ተነቀለ።

ወንዝ አለ ብሎ ውኃ ሳይዝ የሚሄድ ደግሞ አይጠፋም። አማርጎሳ አብዛኛውን መንገዱን ከመሬት በታች የሚሄድ ወንዝ ነው፤ ብቅ በሚልበትም ቦታ ጨዋማ ስለሆነ ዳር ዳሩ ያለው ጭቃ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ያወጣል። ከላስ ቬጋስ በቡድን የምትመጡ ወገኖች በኅዳርና በየካቲት መካከል ብትሄዱ ይሻላል፤ በሐምሌ ግን አይሞከርም። ልጆች ለያዘ ሰው ቻይና ራንች ከሚባለው የቴምር እርሻ ተነስቶ ወደ ወንዙ የሚወርደው አጭር መንገድ ይበቃል። ቴምሩንም ሳትቀምሱ እንዳትመለሱ።