የታነቀ ሄርኒያ፦ ከመረቡ በፊት አንጀቱ

በብሽሽት ስለሚወጣው ሄርኒያ፣ በተለምዶ ቡአ ስለሚባለው፣ በሐኪሞች መካከል ክርክር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሜሽ፣ ማለትም ደካማውን ቦታ ለማጠንከር ወደሚደረገው ሰው ሠራሽ መረብ፣ ይዞራል፦ መረብ ይደረግ ወይስ በስፌት ይበቃል? በቀጠሮ ለሚሠራ ኦፕራሲዮን ተገቢ ጥያቄ ነው። ሄርኒያው ከታነቀ ግን የሚገድለው ደም የተቋረጠበት አንጀት ስለሆነ፣ የሚከፈተው ቦታ መመረጥ ያለበት አንጀቱን ለማየትና ካስፈለገ ቆርጦ ጫፎቹን ለመቀጠል እንዲያመች ተደርጎ ነው።

ይህ በተለይ ሴቶች ላይ በሚበዛው፣ ከብሽሽት ጅማት በታች በሚወጣው የጭን ሄርኒያ ይታያል። እብጠቱ ከሎሚ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ ሆዷ ተነፍቶ እያስመለሳት የመጣች እናት ብሽሽቷ ተገልጦ ሳይታይ ምርመራው አላለቀም።

ለጭን ሄርኒያ ሦስት መንገዶች አሉ። ከጅማቱ በታች የሚከፈተው የሎክዉድ መንገድ ላልታነቀው ቀላል ነው፤ የሞተ አንጀት ሄርኒያው በሚወጣበት ጠባብ ቀለበት አውጥቶ መቀጠል ግን ፈተና ነው። የሎቴሰን መንገድ ጤነኛውን የብሽሽት ቦይ ከፍቶ ያዳክማል። ከጅማቱ በላይ የሚገባው የማክኢቬዲ መንገድ በዚያው ቁስል ሆድ ዕቃን ለመክፈት ስለሚያስችል፣ መታነቁ ግልጽ ሲሆን መመረጥ ያለበት እሱ ነው እላለሁ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ቀለበቱ ከመቆረጡ በፊት አንጀቱን የሸፈነው ከረጢት ይከፈት፤ በባክቴሪያ የተበከለው ፈሳሽ ይመጠጥ፤ አንጀቱ በእጅ ይያዝ። ቀድሞ ከተቆረጠ አንጀቱ ከነፈሳሹ ወደ ሆድ ይመለሳል። በጭን ሄርኒያ ቀለበቱ በውስጥ በኩል ሲሰፋ ያልተለመደ የደም ቧንቧ እዚያው ሊያልፍ ይችላል፣ በውጭ በኩል ደግሞ ትልቁ የጭን ደም መላሽ አለ፤ ሳያዩ መቁረጥ አይገባም።

ከዚያ አንጀቱ በሞቀ ሳላይን (የጨው ውሃ) በራሰ ጎዝ ይሸፈን፣ ታካሚው መቶ በመቶ ኦክስጅን ይሰጠው፣ 10 ደቂቃ ያህል ይጠበቅ። ቅላቱና ማብረቅረቁ ከተመለሰ፣ ሲነኩት ከተንቀሳቀሰ፣ ደም ሥሩ ከመታ ይተርፋል። አመድ መስሎ ከፈዘዘ ወይም ከጠቆረ ይቆረጣል። ከረጢቱ ውስጥ ሁለት ጥቅል አንጀት ከተገኘ በመካከላቸው ያለው፣ ሆድ ውስጥ የቀረው ክፍል የግድ ተስቦ ይታይ፤ የሞተው እሱ ሊሆን ይችላል።

ጡንቻ በማደንዘዣ ሲላላ አንጀቱ ሳይታይ ተንሸራቶ ከተመለሰስ? ላፓሮስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ፣ ካለ በከረጢቱ በኩል ማየት ይቻላል። ከሌለ ደግሞ ከእምብርት በታች መሃል ላይ መክፈት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የማስተርስ ፕሮግራም ሠልጥነው በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች ሌሊት ብቻቸውን ኦፕራሲዮን የሚሠሩት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች፣ ይህን ሁለተኛ ቁስል እንደ ውድቀት ሊቆጥሩት አይገባም። ሪፈር ለመጻፍ ቢወስኑ እንኳ የአፍንጫ ቱቦው፣ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽና አንቲባዮቲኩ ከአምቡላንሱ ይቅደሙ።

መረቡ አሁን ይምጣ። አንጀቱ ከተረፈና ቦታው ንጹሕ ከሆነ ሜሽ ማድረግ ይቻላል። አንጀቱ ከተበሳ ወይም መግል ካለ ግን የብሽሽቱ ያለ መረብ በሚሠራው በባሲኒ ወይም በሾልዳይስ ስፌት፣ የጭኑም በስፌት ይዘጋ። ሄርኒያው ተመልሶ ከመጣ በሌላ ጊዜ፣ በንጹሕ ቦታ ይጠገናል፤ መግል የያዘ መረብ ግን እስኪወጣ ድረስ ቁስሉ ላይደርቅ ይችላል።